የረውዳ እልልታ

ከማሉዲን ጨርቅ ሲገዛ አይቸኩልም። ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ፣ ከአባቱ በወረሰው ሱቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሸጧል። ጣቃ ሲቀርብለት ግን ዳሩን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ "ሸጋ ነው" ብሎ የሚከፍል ሰው አይደለም። ባንኮኒው ላይ ያንከባልለዋል፣ ይዘረጋዋል፣ መሃሉ ላይ እስካለው እንጨት ድረስ ይፈታዋል። አከፋፋዮቹ በንዴት ይብሰለሰላሉ። "ኧረ ጋሽ ከማል፣ ሰው ይታመናል እኮ!" ይሉታል። እሱ ግን አባቱ ያስተማሩትን አይረሳም፤ የተበላሸ ጨርቅ ከላይ አይደረግም፣ ከውስጥ ነው የሚጠቀለለው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይፈታና ተመልሶ ቁጭ ብሎ ሲጠቀልል ይውላል።

ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ዕቃ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳያይ ተቀብሎ ወደ ቤቱ አስገብቷል። ዕቃው የሸክላ ማጫወቻ ነው። እንዴት እንደተሞኘ ለመናገር ከሚስቱ ከረውዳ መጀመር ያስፈልጋል፤ ከረውዳ የማይጀምር የከማሉዲን ወሬ ደግሞ ድሮም የለም።

ረውዳ ድቤ መቺ ነበረች። አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ሠርግ ተደግሶ እሷ ካልመጣች ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው በር በሩን ያያሉ። ስትመጣ ድቤዋን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ማንንም ሰላም ሳትል መሃል ትገባና መምታት ትጀምራለች። ከዚያ ድምጿ ይከተላል። ቀሃ ወንዝ ማዶ ይሰማል ይሉ ነበር። ይህ እንኳ የሰፈሩ ሰው ማጋነን ነው፤ ግን በመንገድ የሚያልፍ ወንድ ሁሉ ልክ ድንኳኑ አጠገብ ሲደርስ የጫማው ክር እንደሚፈታበት ከማሉዲን በዓይኑ አይቷል። አይቶም በግኗል።

ለመብገን መብት ነበረው፤ እሱ ራሱ የተያዘው በዚያው ድምፅ ነዋ። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር አንድ የሸክላ ነጋዴ ከአስመራ ትልቅ ቴፕ ጭኖ መጥቶ፣ አዲስ ዓለም በተደገሰ አንድ ሠርግ ላይ የሴቶቹን ዘፈን ቀድቶ ነበር። በዓመቱ ዘፈኑ በትንሽ ሸክላ ታትሞ ፒያሳ መሸጥ ጀመረ። ከማሉዲን ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጢሙን ገና ማበጠር የጀመረበት ጊዜ። ከአባቱ ተልኮ ፒያሳን ሲያቋርጥ ከሸክላ ቤቱ በር ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰማ። ሴቶቹ ጨርሰው ዝም ብለዋል፣ ቴፑ ግን አልተዘጋም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻዋን ረጅም እልልታ አወጣች፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀችና "ኧረ እጄን! ይኼ ድቤ ጨረሰኝ!" አለች። ነጋዴው ይህችን ቁራጭ ቆርጦ መጣል ነበረበት፤ ረስቶት ይሁን ወዶት አይታወቅም። ከማሉዲን የተላከበትን ጉዳይ ረሳ። "ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ። ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። ረመዳን ሳይገባ ሽማግሌ ላከ።

ካገባት በኋላ ያደረገውን ደግሞ ረውዳ ለልጆቿ ስትናገር እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። የሚስቱን ሳቅ ፒያሳ የቆመ ጎረምሳ ሁሉ እየሰማ መሆኑ እንቅልፍ ነሳውና ሄዶ ሸክላ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ ሰብስቦ ገዛ። "ድምፄን በጅምላ የገዛ ሰው ነው" ትላለች። የገዛውን ከሱቁ ጀርባ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከመረው፤ የሚያዝያ ፀሐይ መታውና ሸክላዎቹ ሁሉ እንደ ሰሐን ጎበጡ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በጥቁር ጣቃ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀመጠው። እጅ ላይ የምትንጠለጠል ቦርሳ መሳይ ማጫወቻ ነበረቻቸው፤ እሷም በደርግ ጊዜ ሞተሯ ተቃጥሎ ቀረች። አገሩ ከሚገባ የውጭ አገር መምህር የገዙት የጃፓን አምፕሊፋየርና የእንጨት ሳጥን ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ግን ሳሎን ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። በካሴት መንዙማ ይሰሙበታል፤ ሸክላዋ ጨርቅ ውስጥ ተኝታለች።

ከዚያ ሚሌኒየሙ ሊብት ሲል የረውዳ አንገት ላይ የኖረው እንቅርት አድጎ መተንፈስ ከለከላት። ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገራቸው፤ የድምፅ ጅማት የሚያልፈው በዚያው ነው፣ እንጠነቀቃለን፣ ግን ቃል አንገባም አላቸው። ረውዳም "ነፍሴን አትርፉልኝ እንጂ" አለች። ነፍሷ ተረፈች። ድምጿ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ ብቻ ነው የሚሰማት። ከማሉዲንም አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ከልቡ ነው የሚለው። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ትንፋሿን ሲሰማ አላህን ያመሰግናል፤ እሷን ያጣበትን ቤት አንድ ጊዜ አስቦት ደንግጧልና ከዚያ በኋላ በምንም አያማርርም። ድቤዋ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። "ያለ ድምፅ ድቤ ምን ይሆናል፣ ቆዳ ነው" አለች።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት የመጨረሻ ልጃቸው ሰልማ ታጨች። የምታገባው አይከል ከተማ የሚነግደውን የዐብዱልከሪምን ልጅ ነው። ዘመዱ ሁሉ ደስ አለው፤ ከማሉዲንም ደስ ብሎት ከረመ፣ አንድ ከሰዓት ሳይታሰብ ቤቱ እስኪገባ ድረስ። ረውዳ ጓሮ ውስጥ፣ ልብስ ማስጫው ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ምላሷ ይርገበገባል፣ የሚወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ደግማ ሞከረች። አሁንም አየር ነው።

ምን እንደምትሞክር ወዲያው ገባው። በነሱ ዘንድ ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ደጃፉን ከመሻገሯ በፊት እልልታውን የምትጀምር እናት ናት። እናት ሳትጀምር ሌላ ሴት አፏን አትከፍትም፤ እናት ከጀመረች በኋላ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ መቀበል አለባቸው። ረውዳ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በእልልታ ሸኝታ ለራሷ ልጅ የምታወጣው የላትም። ከማሉዲን ኮቴውን አጥፍቶ ተመልሶ ወጣና ሱቁ ገብቶ ጥቁሩን ጣቃ ፈታ። ሸክላዋ አለች። አልጎበጠችም፣ አልተጫረችም። ይህች ሸክላ በሠርጉ ቀን ካልተሰማች እኔም የሰልማ አባት አይደለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

አሁን የሚያስፈልገው ማጫወቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያውቅ ወንዴ ነው። ወንዴ ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል፣ እጁም ክፉ አይደለም። ነገሩን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

"ጋሽ ከማል፣ አምፕሊፋየሩ የጃፓን ከሆነ ማጫወቻውም የጃፓን ይሁን፣ የድሮው። አሁን የሚመጣውን ፕላስቲክ እንዳታስገባብኝ።"

"ምኑን አይቼ ልምረጥ? ጨርቅ መሰለህ?"

"መጀመሪያ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት እናያለን። ጃፓኖቹ ለራሳቸው የሠሩት መቶ ቮልት ነው፣ የኛ ግድግዳ ላይ ስትሰካው በጭስ ነው የሚመልስልህ። ሁለተኛ፣ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጠርዙ ላይ ነጠብጣቦች አሉት፤ ሲዞር በአምፖል ስታያቸው ቆመው መታየት አለባቸው፣ ከሄዱ ፍጥነቱ ልክ አይደለም። ከዚያ ክንዱና መርፌው። ሸክላህን ይዘህ ና፣ በራሷ ነው የምንሞክረው።"

መጀመሪያ የወሰደው ወይዘሮ እጅጋየሁ ቤት ነው። ወይዘሮ እጅጋየሁ በደጉ ዘመን ፒያሳ ቡና ቤት ነበራቸው፤ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ማጫወቻቸው ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዛሬም ይሠራል። ሊሸጡት ይችላሉ ብሎ የገመተው ወንዴ ነው። ዕቃው የጃፓን ሥራ ነው፤ ጥቁር ቡናማ እንጨት፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ፣ ክዳኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ። ከማስነሻውና ከፍጥነት መቀየሪያው በቀር አንድም ቁልፍ የለበትም። ክንዱን በእጅ አንስተህ በእጅ ታስቀምጣለህ፣ ሲያልቅም በእጅ ታነሳለህ።

ከማሉዲን ሸክላዋን አስቀመጠ። የሠርጉ ዘፈን ከነድቤው ቤቱን ሞላው። ነጠብጣቦቹ ቆሙ፣ ወንዴ አውራ ጣቱን አነሳ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ግን ከማሉዲን እጁን ሰዶ ክንዱን ብድግ አደረገው።

"ምነው? ሳያልቅ?" አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

"ይበቃል እትዬ፣ ሰምቻለሁ።"

ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከማሉዲን እዚያ ቤት ውስጥ፣ ወንዴ ባለበት፣ የረውዳን ሳቅ ማሰማት አፍሮ ነው። ስልሳ ዓመቱ ነው፣ ልጅ ድሮ ሊጨርስ ነው፣ ቅናቱ ግን ከሃያ ሦስት ዓመቱ አንድ ቀን አላረጀም። ሲወጡ በር ላይ ለወንዴ "ጥሩ ይጫወታል፣ ግን ጣውላ ነው፤ ለሠርግ ቤት አይሆንም" አለው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል።

ሁለተኛውን ያገኘው አይከል ነው፣ ለሠርጉ ጉዳይ አማቹ ዘንድ በሄደበት። ዐብዱልከሪም በመተማ በኩል ከሱዳን ዕቃ ያመላልሳል፤ መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ እሱ ራሱ አያውቀውም። ከማሉዲን ስለ ማጫወቻ ሲያነሳ ሰውየው እየሳቀ ተነሳና ከሽቶ ካርቶኖች መሃል አንድ ነገር አወጣ። የጃፓን ነው፣ የድሮ ነው፣ ግን እንደ ትናንት ዕቃ ያበራል። ሙሉ ብር መሳይ። ፊቱ ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል። ዐብዱልከሪም አንዷን ነካ ሲያደርግ ክንዱ በራሱ ተነሳ፣ በራሱ ሄደ፣ ሸክላው ጠርዝ ላይ በራሱ ተቀመጠ።

"ወላሂ እጅ አያስነካም!" አለ ዐብዱልከሪም። "ሲጨርስ ደግሞ ራሱ ተነስቶ ቤቱ ይገባል። ጨዋ ነው፣ እንደ ልጄ!"

የመጋዘኑ ሠራተኞች ተሰብስበው አዩ። ከማሉዲንም አየ፣ ልቡም ሄደ። ጀርባውን አገላብጦ አነበበ፤ ቮልቱ ለኛ አገር ይስማማል። ዳሰሰው፣ አነሳው፣ ማበጃጀቱ ላይ እንከን አጣበት። ዋጋውን ሲጠይቅ ዐብዱልከሪም ተቆጣ። "የሙሽራዋን አባት ዕቃ አስከፍዬ የት አገር ልኖር ነው? ስጦታ ነው።" የአማች ስጦታ አይመለስም። ከማሉዲን ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ መኪና ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጎንደር ድረስ አቅፎት መጣ።

ሙከራው የተደረገው ወንዴ ሱቅ ውስጥ ነው። ያን ቀን ኳስ ነበር፤ ሱቁ ተመልካች ሞልቶታል። ማጫወቻው ሸክላዋን አስነሳ፣ ሰው ሁሉ ኳሱን ትቶ ዞረ፣ አንዱ እስክስታ ቃጣው። ከማሉዲን ግን ድቤው ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ማቆሚያውን ተጫነ። ወንዴ "እንደገና" አለ፣ እንደገና ተጫወተ፣ ከማሉዲን እንደገና ተጫነ። ጣቃ ሙሉ ጨርቅ እስከ እንጨቱ የሚፈታ ሰው፣ የሦስት ደቂቃ ሸክላ እስከ መጨረሻው ሳያዳምጥ "ማሻ አላህ፣ ይኼ ነው" ብሎ ወሰነ።

በእነዚያ ቀናት ረውዳ የሆነ ነገር ሸትቷታል። ባሏ ይወጣል፣ ይገባል፣ ስልክ ሲደወልለት ወደ ደጅ ይሮጣል። አንድ ማታ እራት ላይ ወደ ጆሮው ጠጋ አለችና "ሁለተኛ ሚስት ከሆነች ንገረኝ፣ ድቤውን አወርድልሃለሁ" አለችው በሹክሹክታ። ከማሉዲን ውሃ ትን አለው።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ረውዳና ሰልማ ለሒና እህቷ ቤት ሄዱ። ከማሉዲን ቤቱን ዘጋ። የሚያበራውን ማጫወቻ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ፤ መደርደሪያው ላይ ሲያዩት እውነትም ያምራል። ቁልፏን ነካ፣ ክንዱ ሄዶ ተቀመጠ። ብቻውን ነውና አሁን የሚያፍረው የለም፤ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ድቤው አለቀ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ከማሉዲን ትንፋሹን ያዘ። ቀጭ አለና ክንዱ ተነስቶ፣ ተንሳፍፎ፣ ቤቱ ገባ።

ተሳስቶ የነካው መሰለው። ደገመው። ሴቶቹ ዝም ሲሉ ክንዱ ተነሳ። ሠለሰው፣ በጣቱ ሊይዘውም ሞከረ፤ ማሽኑ ከሱ በረታና ሊሰበር ሲንጓጓ ለቀቀው። ረውዳ እዚያው ውስጥ አለች፣ ሸክላዋ መሃል ከተለጠፈው ወረቀት አጠገብ በተቀረጸችው ጠባብ ክር ውስጥ፤ ይኼ ጨዋ ዕቃ ግን እሷ አፏን ልትከፍት ስትል በር ይዘጋባታል። ከማሉዲን ላብ በላብ ሆኖ ወንዴን ጠራው።

ወንዴ ጎንበስ ብሎ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ሸክላዋ ናት። ድሮ ሲቀርጿት ክሯን እስከ ወረቀቱ ድረስ አስጠግተውታል። ይኼ ዕቃ ደግሞ ክንዱ እዚህ ከደረሰ ‘አልቋል’ ነው የሚለው፣ ሸክላ ሁሉ እዚህ ስለሚያልቅ።"

"ክፈተውና ያንን ነገሩን አውጣለት።"

"እከፍተዋለሁ። ለሠርጉ ግን መልሼ አልገጥምልህም፣ ከሠርጉ በኋላም እንጃ።" ከዚያ ቀና አለ። "ቆይ፣ ሁለት ጊዜ ሞከርነው እኮ! እንዴት ይኼን አላየነውም?"

ከማሉዲን ምንጣፉን አየ። "መጨረሻዋ ላይ ያለው የረውዳ ድምፅ ነው" አለ። "ሱቅህ ወንድ ሞልቶበት ነበር።"

ወንዴ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። "ጋሽ ከማል! ሰፈሩ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየድንኳኑ የሰማውን ድምፅ ከኔ ትደብቃለህ? እኔ ስዳርም እኮ እሷ ናት የመታችው!" ከማሉዲን ሊቆጣ ፈልጎ አቃተው። ልክ ነበር ሰውየው።

ወደ ወይዘሮ እጅጋየሁ ቤት ብቻውን ሄደ፣ ሸክላዋን በክንዱ ሥር ይዞ። ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ጣውላውን ፈልገህ መጣህ?"

ከማሉዲን የሚገባበት ጠፋው። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው።"

"ጆሮዬ እንደሆነ ይሰማል። ግባ።"

ገብቶ ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ጓሮ ውስጥ ያየውን፣ የአማቹን ስጦታ፣ ክንዱ በር መዝጋቱን። ወይዘሮ እጅጋየሁ ሰምተውት ሲጨርስ "ረውዳ ድቤ መቺዋ? ያቺ ረውዳ?" አሉ። አዎ አላቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

"ይርገዱን ታውቃታለህ፣ ያሳደግኳትን ልጅ። ስድራት ድግሱን አሳምሬ ደገስኩ። የቡና ቤት ሴት ድግስ ነውና ጨዋ የተባለ ሴት ሁሉ ቀረብኝ። ድንኳኑ ባዶ ነበር፤ ልጄ በቬሎ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያንተ ሚስት በሻርፕ የተጠቀለለ ድቤ ይዛ ከች አለች። አልጠራኋት፣ አላውቃትም። ‘ሠርግ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው’ አለችኝ። እስኪመሽ መታች። እልልታዋን የሰማ ሰው ከየቤቱ እየወጣ ድንኳኑን ሞላው።"

"አልነገረችኝም" አለ ከማሉዲን።

"ምን ብላ ትንገርህ? ቡና ቤት ገባሽ ብለህ ልትቆጣ!"

ይህም ልክ ነበር። በጅምላ ገዝቼዋለሁ ያለው ድምፅ ለካ እሱ ሳያውቅ ሰው ሲያጽናና ኖሯል፤ እሱም ዛሬ የዚያን ደግነት ትርፍ ሊበላ ነው የመጣው። "ዋጋውን ይንገሩኝ" አለ።

"አልሸጥም። አላውስምም። እኔ ሳልጠራ ዕቃዬ ሠርግ አይሄድም።"

"እትዬ፣ ከነቤተሰብዎ ተጠርተዋል! ክርስቲያን ወዳጆቻችን የሚመጡበት ድንኳን ለብቻው አለ፣ የሚታረደውም ለብቻው ነው፣ አራጁ የናንተ ነው።"

"እሱን ድሮም አውቃለሁ። በል አሁን ሸክላህን አስቀምጥ። እጅህን ደግሞ ከኋላህ አድርግ።"

አስቀመጠ። እጁንም ከኋላው አደረገ። ድቤው አለቀ፣ ሴቶቹ ዝም አሉ፣ ክንዱ ግን ማንም ስላልነካው መንገዱን ቀጠለ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ረውዳ ብቻዋን እልልታዋን ለቀቀችው። ከማሉዲን ከበሽታዋ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው ወይዘሮ እጅጋየሁ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያቀብሉት ነው። በዚያ ሰዓት ስንቱን እንዳመሰገነ፤ አላህን፣ ሐኪሙን፣ ቴፑን መዝጋት የረሳውን የአስመራ ነጋዴ፣ እኚህን አፈ ስለታም ሴትዮ።

የሠርጉ ቀን የብር መሳዩ ማጫወቻ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ በክብር ተቀመጠ፤ ዐብዱልከሪም ሲገባ አይቶት ደስ አለው። ሥራውን የያዘው ግን ጣውላው ነው። በረንዳው ላይ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ወይዘሮ እጅጋየሁ ጥበባቸውን ለብሰው አጠገቡ ቁጭ ብለዋል፣ ሰው ሲጠጋ በዓይናቸው ይመልሳሉ። ረውዳ ስታያቸው ሮጣ አቀፈቻቸው፤ በማን እንደተጠሩ፣ ማጫወቻውም ለምን እንደመጣ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘችም። የአይከል መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ደረሱ።

ሰልማ ተሸፋፍና ከጓዳ ወጣች። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ረውዳ ዞሩ፤ ልማድ ነው፣ ማንም ሊያሳዝናት ብሎ አይደለም። ረውዳ እጇን ወደ አፏ አነሳች፣ መልሳም አወረደችው። ግቢው ጭጭ አለ። ከማሉዲን ለወይዘሮ እጅጋየሁ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ሴትዮዋ ክንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሸክላዋ መጨረሻ አካባቢ አሳረፉት፤ ጥቂት ድቤ ተሰማ፣ ዝምታ ሆነ፣ ከዚያ እልልታው ከሁለቱም ስፒከር ወጣና ግቢውን፣ ድንኳኑን፣ መንገዱን ሞላው።

አንድም ሴት አልተቀበለችም። ደንግጠው ግማሹ ወደ በር፣ ግማሹ ወደ ሰማይ ያያሉ። "እማ!" አለች ሰልማ ከመሸፈኛዋ ውስጥ። ሳቁ ተከተለ። "ኧረ እጄን! ይኼ ድቤ ጨረሰኝ!" አለች ያቺ ልጅ ለመላው አዲስ ዓለም፣ ለአይከል ሰው፣ ከአጥሩ ውጭ ለቆመው ወንድ ሁሉ።

ረውዳ ሴቶቹን እየገፋች ወደ ባሏ መጣች። ከማሉዲን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሳያስፈቅዳት ነው ሰው ፊት ያወጣት፤ የፈለገችውን ብትለው ይገባዋል። እጅጌውን ይዛ ጎተተችውና ጆሮው ላይ ተጠጋች። ጉንጯ እርጥብ ነበር፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"በጅምላ የገዛኸውን ዛሬ በነፃ በተንከው?" አለችው።

መልስ አልጠበቀችም። ቤት ገብታ ድቤውን ከግድግዳው አውርዳ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ወጣችና መሃል ቆመች። ወደ ወይዘሮ እጅጋየሁ ዞራ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ባይኖረውም ያላነበበው ሰው አልነበረም።

"ድገሙልኝ።"

ሴትዮዋ ክንዱን በእጃቸው አንስተው መለሱት። ረውዳ ከሸክላዋ ድቤ ጋር እኩል መታች። እልልታው እንደገና ሲወጣ የአዲስ ዓለም ሴቶች፣ የአይከል ሴቶች፣ በክርስቲያኖቹ ድንኳን ያሉትም ጭምር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቀበሉት፤ ሰልማም ደጃፉን ተሻገረች።